አምባላዩ ፈረስ የሚያውቃቸው ደጆች

ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ «አዎ» ሲል እኔን ጉሮሮዬን ይበላኛል። በሽታ ነው። ጠበል አያድነውም፤ መጽሐፍ ደግሞ ያባብሰዋል። እናቴ «ይሄ ልጅ ለቅሶ ቤት ገብቶ እንኳ ከሟቹ ጋር ይከራከራል» ትል ነበር። አጋነነች አልልም። በሕይወቴ ከገጠምኳቸው ክርክሮች ውስጥ የማሸነፍ ተስፋ የነበረው ምናልባት እሱ ብቻ ነው።

ይህን የማወጋችሁ በአንድ አምባላይ ፈረስ ስለተረታሁ ነው። በሰው ተረትቼ አላውቅም ማለቴ አይደለም፤ በሰው ስረታ ግን ይግባኝ እላለሁ። በፈረስ የተረታ ይግባኝ የሚልበት የለውም።

ነገሩ የሆነው ናዝሬት ነው። ደርግ እያረጀ፣ ስለ ኤድስ በሬዲዮ መነገር በጀመረበት ሰሞን። እኔ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ወንደላጤ ነኝ፣ ብዙ አነባለሁ፣ ብዙ እናገራለሁ። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት የውይይት ክበብ የሚባል ነገር ነበረን። በናዝሬት ሙቀት፣ ከምሳ በኋላ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ስለ ቁስ አካል ሕግጋት እንወያያለን፤ ማለትም ሊቀመንበራችን ጓድ ደጀኔ ያነባል፣ እኛ ዓይናችንን ገልጠን እንተኛለን። ዓይን ገልጦ መተኛት የዚያን ዘመን ሠራተኛ ያዳበረው ጥበብ ነው። ዛሬም በስብሰባ ላይ ይጠቅመኛል።

አንድ ዓርብ ቁስ አካል ቀረና ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ መጣች። ማርታ ትባላለች። የአርሲ ነገሌ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ የማትቸኩል። ስለ በሽታው አስረዳችን፤ ከዚያ ከቦርሳዋ ኮንዶም አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የተኛው ሁሉ ነቃ። ሂሳብ ክፍል ያሉት ጣሪያውን ያዩ ጀመር። «ስለዚህ ጓዶች» አለች፣ «ከአንድ በላይ ወዳጅ ያለው ሰው ይህን ሳይዝ ከቤቱ ባይወጣ ይመረጣል።»

አዳራሹ በሙሉ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ጉሮሮዬን በላኝ። እጄን አወጣሁ።

«ጓዶች» አልኩ፣ «በሽታው የለም አልልም። ግን የማን ነው? የአሰብ መንገድ ሾፌር ነው። ዛሬ ሚሌ፣ ነገ አዋሽ የሚያድር፣ ያደረበትን ሲነጋ የማያስታውስ ሰው ነው። እኛ ግን ደመወዝተኞች ነን። የምንሄደው የታወቀ ቤት ነው። በታወቀ ቤት ደጅ ላይ ደግሞ መታወቂያ አይጠየቅም።»

ሳቁ ጣሪያውን አነሳው። ጓድ ደጀኔ፣ ከአብዮቱ ወዲህ ጥርሱ ያልታየው ጓድ ደጀኔ፣ ካኪ ኮቱን እያስተካከለ ከወንበሩ ተነስቶ አጨበጨበልኝ። ምነው እንዲህ ደስ አለው ብዬ መጠርጠር ነበረብኝ። ጭብጨባ ግን የሚያስጠረጥር ነገር አይደለም፤ ጆሮን እንጂ አእምሮን አይነካም።

ማርታ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች።

«ጥሩ ተናገሩ ጓድ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ቤቱ ለእርስዎ የታወቀ ነው እንበል። ቤቱ የሚያውቀውን ሰው ሁሉስ እርስዎ ያውቁታል?»

መልስ ነበረኝ። መልስ አጥቼ አላውቅም። ግን ሴትየዋ እያየችኝ ስለነበር የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ።

ንግግሬ ከእኔ ቀድሞ ከተማውን አዳረሰው። ሻይ ቤት ስገባ «መታወቂያ!» የሚለኝ በዛ። እኔም ከፍ ከፍ አልኩ። ነገር ግን የዚያች ነርስ ጥያቄ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅሮብኝ አላስተኛኝ ስላለ፣ ክርክሩን ለመጨረስ ጉሮሮዬን አመመኝ ብዬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

«አፍዎን ይክፈቱ» አለችኝ ማርታ።

ከፈትኩ።

«ይጨምሩ። በስብሰባው ላይ ከዚህ የበለጠ ከፍተውት ነበር።»

ያን ቀን አለቀልኝ። ጉሮሮዬ ለወራት አልዳነም። በየሳምንቱ እመላለሳለሁ፤ እሷም በየሳምንቱ ምንም የለብዎትም ትለኛለች። «እርስዎ» ቀርቶ «አንተ» የሆነው በሦስተኛው ወር ግድም ነው። በአማርኛ ይሄ ከቀለበት ያላነሰ ነገር ነው። ስለ ጋብቻ ሳነሳባት ሰማችኝና እንዲህ አለች፦

«የታወቁት ቤቶች እንዴት ሆኑ?»

«የምን ቤቶች? ያ እኮ ለክርክር ያህል የተነገረ ንድፈ ሐሳብ ነው።»

«እኔ ነርስ ነኝ፤ ወንድ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ አልደነግጥም። ካለ ንገረኝ፣ መፍትሔ እንፈልጋለን። አንድ ውሸት ካገኘሁብህ ግን ለሌላ ጉሮሮ ሐኪም ፈልግ።»

«የለም» አልኩ።

ነበር እንጂ። እርግጥ ሞጆ የነበረችውን ትቻለሁ። የተውኳት በንስሐ ሳይሆን በአውቶብስ ወረፋ ነው፤ ስንፍና ስንቱን ሰው ጨዋ እንዳደረገ ቢጻፍ ትልቅ መጽሐፍ ይወጣዋል። የናዝሬቷ ግን ለገሃር አጠገብ ናት፤ ሜዳ ነው፣ በጋሪ ይደረሳል። እታገኝ ትባላለች። ባሏን የፈታች፣ አንዲት ልጅ የምታሳድግ ልብስ ሰፊ ናት። በሯ አረንጓዴ ቆርቆሮ ነው። እተዋታለሁ ብዬ ወስኛለሁ፤ ብቻ ሲጋራ የሚተው ሰው እንደሚያደርገው የምተውበትን ቀን ሁልጊዜ ነገ ላይ ነበር የማስቀምጠው።

አሁን ስለ ጋሪ ፈረስ ትንሽ ልናገር። የናዝሬት ጋሪ ፈረስ ከሰው ይልቅ ሥርዓት ያውቃል። ደንበኛ አንድ ደጅ ደጋግሞ ከወረደ፣ ፈረሱ ያን ደጅ ይይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ ልጓም ሳይሳብ፣ ማንም ሳያዘው ይቆማል። የእኔ ደንበኛ ሁሴን የሚባል ወሎዬ ነበር፤ ፈረሱም ዳማ። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ከመጣ ኦዲተር ጋር ስሄድ ዳማ አረንጓዴው በር ጋ ቀጥ አለ። «ምን ሆኖ ነው?» ሲለኝ «ውሃ ጠምቶት ነው» አልኩት። ኦዲተሩም እውነት መስሎት «አጠጡት እንጂ» ብሎ ተቆጣ፤ እታገኝ ባልዲ ሙሉ ውሃ አወጣች፤ ዳማም ሳይጠማው ጠጣ። የእኔን ውሸት ጨልጦ የጠጣልኝ ፍጡር እሱ ብቻ ነው።

እንግዲህ የማርታ አባት አቶ ገመቹ «ልጁን ልየው» ብለው ከአርሲ ነገሌ የሚመጡበት ቀን ደረሰ። እህል ነጋዴ ናቸው። ከመናኸሪያ ተቀብዬ ማርታ ቤት ለምሳ የማደርሳቸው እኔ ነኝ፤ መንገዱም በለገሃር ነው። ዳማ በዚያ ሰዓት ከሳይቤሪያ በላይ ቢርቅልኝ በወደድኩ። ስለዚህ ጠዋት ተነስቼ ወንጂ ማዞሪያ ድረስ በእግሬ ሄድኩና በሕይወቴ አይቼው የማላውቅ ጋሪ መረጥኩ። ፈረሱ አምባላይ ነው፤ ነጭ፣ ንጹሕ፣ ካህን የመሰለ። ባለጋሪውም ጭምት ጎልማሳ። እንዲህ ያለውን ብልሃት ያሰበች ጭንቅላቴን በመንገዴ ሁሉ ሳመሰግናት ሄድኩ።

አቶ ገመቹ ከአውቶብስ ወረዱ። ባርኔጣ፣ ጋቢ፣ አንድ ጆንያ ስንዴ፣ አንድ ጣሳ ማር።

«አካም፣ ነገያ?» አሉኝ፤ ጤናዬንና ሰላሜን በኦሮምኛ ጠይቀው ወደ ፈረሱ አለፉ። ከንፈሩን ገልበው ጥርሱን መረመሩ፣ አንገቱን መታ መታ አደረጉት። የእኔንም ጥርስ ያያሉ ብዬ ሰጋሁ።

«ደህና ፈረስ ነው» አሉ። «አእምሮ አለው።»

«አዎ አባባ» አልኩ። ያ ቃል በኋላ ምን እንደሚያመጣ መቼ አውቄ።

ተሳፈርን። ስለ ስንዴ ዋጋ፣ ስለ ናዝሬት አቧራ እያወጋን ለገሃር ደረስን። አምባላዩ ሶምሶማውን ቀነሰ። ቀጥሎ ወደ ቀኝ ጠጋ አለ። ከዚያ አረንጓዴው በር ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ቆመ።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ዳማ ነው የነገረው የሚል ነበር።

ባለጋሪው ጅራፉን አጮኸ። ፈረሱ ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም።

«አይቆጡ ጋሼ» አለኝ፣ «ልማዱ ነው። ደንበኛዬ እዚህ ነው የሚወርዱት።»

«ደንበኛህ ማነው?»

«ኧረ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ምን ያደርግልዎታል።»

«ማነው አልኩህ? በየስንት ቀኑ ነው የሚመጣው? ከመቼ ጀምሮ ነው?»

አቶ ገመቹ ዞር ብለው አዩኝ። እኔ ግን አላየኋቸውም። ያን ጊዜ የማየው አረንጓዴውን በር ብቻ ነበር። በሩም ተከፈተ። እታገኝ ክር በጥርሷ እንደያዘች፣ ፀሐዩን በእጇ ጋርዳ፣ ፈረሱን ብቻ አይታ «ዛሬማ ፀሐይ ሳይበርድ መጡ፣ ጓድ ደጀኔ» አለች።

ከዚያ እኔን አየች። ክሩ ከአፏ ወደቀ። ብልህ ሴት ናት፤ ዓይኗን ሳታርገበግብ፣

«ሱሪው አልደረሰም» አለች። «ማክሰኞ።»

ለእኔ ትበል ለፈረሱ እስከ ዛሬ አላውቅም። በሩን ዘግታ ገባች።

ጓድ ደጀኔ። ካኪ ኮቱ ትከሻው ላይ ጠበበኝ ሲል «ጎበዝ ልብስ ሰፊ አውቃለሁ» ብዬ እጁን ይዤ እዚህ ደጅ ያደረስኩት እኔው ራሴ ነኝ። በእርግጥም የታወቀ ቤት ነበር።

«እዚህ ነው ሱሪ የምታሰፋው?» አሉ አቶ ገመቹ።

«አይ... አዎ። አልፎ አልፎ።»

ባለጋሪው ወርዶ ልጓሙን ሳበ። ፈረሱ አራት እግሩን ተክሏል። አቶ ገመቹ ሳቁ። «ተወው፣ በጉልበት አይሆንም። እንዲህ ያለ ፈረስ ሰው ሳይወርድለት ሥራው ያለቀ አይመስለውም። ልጄ፣ ውረድና መልሰህ ውጣ።»

ወረድኩ። የሠራተኛው ክበብ ሊቀመንበር በሚወርድበት ቦታ፣ በሊቀመንበሩ ፋንታ፣ በገዛ ወዳጄ ደጅ ቆሜ አምባላዩ እስኪረካ ጠበቅኩ። ከዚያ ወጣሁ። ፈረሱ በደስታ ተነሳ፤ ነገር ግን ወደ ማርታ ቤት መሄዱን ትቶ በገዛ ፈቃዱ ወደ ግራ ታጠፈ።

«አሁን ደግሞ ወዴት ነው?» አልኩ።

«እንግዲህ አንዴ ከጀመረ ዙሩን ሳይጨርስ አይመለስም» አለ ባለጋሪው በሐዘን።

ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ፣ ቦገንቪላ የተንጠለጠለበት አንድ ደጅ ጋ ቆመ። ቤቱን አላውቀውም። ከደጁ ግን አንድ የጭነት መኪና ከነተሳቢው ቆሟል፤ ጎማው የበረሃ አሸዋ እንደለበሰ ነው። ሾፌሩ ሽርጥ አገልድሞ፣ ጥርሱን በመፋቂያ እያሸ፣ የቤቱ ጌታ ነኝ በሚል አኳኋን ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

«ከየት ነው?» አሉት አቶ ገመቹ ለሰላምታ ያህል።

«ከአሰብ፣ አባት» አለ። «ሌሊቱን ገባሁ።»

እኔ በስብሰባ ላይ ከእኛ የለየሁት፣ ሚሌና አዋሽ አሳድሬ የሸኘሁት ሰው ይኸውና። በእሱና በእኔ መካከል ያለው ርቀት ሁለት ደጅ ነው። ከሾፌሩ ወደ ቤቱ እመቤት፣ ከእሷ ወደ ጓድ ደጀኔ፣ ከጓድ ደጀኔ ወደ እታገኝ፣ ከእታገኝ ወደ እኔ። አምባላዩ ያለ ጠመኔ፣ ያለ ሰሌዳ፣ በእግሩ አስረዳኝ። ማርታ አንድ ሰዓት ሙሉ ለፍታ ያልገባኝን።

አቶ ገመቹ በምሳ ላይ ታሪኩን ለልጃቸው ሲያወሩ ዕንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ፈረሱን ሆነው አንገታቸውን ቀጥ አደረጉ፤ እኔን ሆነው ከጋሪ ወረዱ። ማርታ እየሳቀች ወጥ ትጨምርላቸዋለች። እኔም ሳቅኩ፤ የሳቅኩት ሳቅ ግን ከሌላ ሰው የተዋስኩት ነበር።

«ፈረሱ ሲቆም እሱ ምን አለ?» አለች ማርታ።

«ተቆጣ እንጂ! ባለጋሪውን ‹ደንበኛህ ማነው፣ ከመቼ ጀምሮ ነው› እያለ አፋጠጠው።»

ማርታ ጭልፋውን አስቀመጠች። ወደ እኔ ዞረች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ዝቅ ያለ ነው።

«የማታውቀው ፈረስ የማታውቀው ደጅ ላይ ቢቆም ምን ያናድድሃል?»

አቶ ገመቹ ጉርሻቸው አፋቸው ጋ ሳይደርስ ቆመ።

ብዙ አንብቤአለሁ ብያችኋለሁ። ያን ጊዜ ካነበብኩት ሁሉ አንድ መስመር አልመጣልኝም። ሱሪ፣ ሙቀት፣ የእንግዳ ክብር፣ የባለጋሪ ብልግና፣ ሁሉንም በየተራ አነሳሁና በየተራ ጣልኩ።

«ደጁን አውቀዋለሁ» አልኩ።

አቶ ገመቹ ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሱና «ፈርዲ ሂን ሶቡ» አሉ፤ ፈረስ አይዋሽም ማለታቸው ነው። ከዚያ ለልጃቸው «እኔ ልጁን ላይ ነበር የመጣሁት፤ ያየሁት ፈረሱን ነው። የቀረውን አንቺ ታውቂያለሽ» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ውሸት አግኝቼብሃለሁ» አለች ማርታ። «ውጣ እንዳልልህ ግን መጨረሻ ላይ እውነቱን ተናግረሃል፤ ያውም አባቴ ፊት። ስለዚህ ይኸውልህ። መጀመሪያ ሴትየዋ ዘንድ ሂድና ያየኸውን ንገራት፤ የማወቅ መብት አላት። ከዚያ ዓርብ በተናገርክበት አዳራሽ ተነስተህ ንግግርህን መልሰህ ውሰደው። ከዚያ የራስህን ኮንዶም ራስህ ትገዛለህ፤ ከእኔ አይደለም። ብንጋባም ደማችን እስኪመረመር ያለሱ የለም። ይሄ ከከበደህ በሩ አይቆለፍም።»

እታገኝ ዘንድ ሄድኩ። ስለ ሾፌሩ ነገርኳት። ስፌቷን አላቆመችም።

«እኔን ነው የምታስደነግጠኝ?» አለችኝ። «ኮንዶሙን ከጤና ጣቢያ አምጥቼ ትራስ ሥር ካስቀመጥኩ ስንት ጊዜዬ። ጓድ ደጀኔ ‹በታወቀ ቤት መታወቂያ አይጠየቅም› እያለ መልሶ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። የማን ንግግር እንደሆነ ታውቃለህ። አንተ ፊትማ ማውጣቱንም አፍሬ ተውኩት። ይህችን ልጅ ማን ያሳድግልኛል ብዬ ሳስብ የማድረው እኔ ነኝ፤ የሚጨበጨብላችሁ እናንተ።»

በዚያ ላይ የምጨምረው ቀልድ የለኝም። ፈልጌ አጥቻለሁ።

ዓርብ ደረሰ። እጄን አወጣሁ። ጓድ ደጀኔ ሌላ ጭብጨባ የሚያስፈልገው ነገር የምናገር መስሎት ፈገግ አለ።

«ጓዶች፣ ግለሂስ አለኝ» አልኩ። «ስለ ታወቀ ቤት የተናገርኩትን አንስቻለሁ። አስተሳሰቤን ያረመልኝ አንድ አምባላይ ፈረስ ነው። ፈረሱ ከወንጂ ማዞሪያ ተነስቶ በለገሃር በኩል...»

የጓድ ደጀኔ እስክሪብቶ ወደቀ። «ጓድ፣ የፈረስ ጉዳይ እርሻን ነው የሚመለከተው» አለ። «ሰዓታችንም አልቋል።»

ገና መጀመራችን ነበር። በክበቡ ታሪክ ስብሰባ ከሰዓቱ በፊት ሲያልቅ ያ የመጀመሪያው ነው፤ ሠራተኛው እስከ ዛሬ ያመሰግነኛል።

የቀረው ፋርማሲው ነው። በጠራራ ፀሐይ ገባሁ። ወረፋ አለ። ተራዬ ሲደርስ፣ ድምፄ ከማርታም ድምፅ ይልቅ ዝቅ ብሎ «ኮንዶም» አልኩ። ሽማግሌው ፋርማሲስት መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ፤ ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ እጃቸውን ዘረጉና፣

«መታወቂያ?» አሉ።

ወረፋው በሙሉ አለቀ በሳቅ። እኔም ከኪሴ አውጥቼ የቀበሌ መታወቂያዬን ሰጠኋቸው። ምን ላድርግ፤ በገዛ ሕጌ ነው የተፈረደብኝ።

ተጋባን። ደማችንን የሚመረምር ሲገኝ ተመረመርን፤ ደህና ነን፤ እታገኝም ደህና ናት። አቶ ገመቹ ለክርስትና ሲመጡ እንደ ልማዴ መናኸሪያ ሄድኩ፤ ማርታም ሕፃኑን ይዛ አብራኝ ነበረች። የተገኘው ጋሪ አንድ ብቻ ነው። ፈረሱ አምባላይ።

ማርታ አየችኝ። እኔ ሰማይ አየሁ።

ሄድን። ለገሃር ሳንደርስ፣ ዋናው መንገድ ላይ፣ አምባላዩ ሶምሶማውን ቀነሰ፤ ወደ ቀኝ ጠጋ አለ፤ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቀና ብዬ ሳይ ፋርማሲው ደጅ ነን። ሽማግሌው በመስኮት እጃቸውን አወዛወዙ፤ ለእኛ ሳይሆን ለፈረሱ።

«አይቆጡ ጋሼ» አለ ባለጋሪው። «ያ ደንበኛዬ አሁን አሁን መጀመሪያ የሚወርዱት እዚህ ነው። አረንጓዴው በር ያለዚህ አይከፈትም ተብለዋል።»

አልተቆጣሁም። ማርታ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አቶ ገመቹ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣

«ውረድ እንግዲህ ልጄ» አሉኝ። «ሳትወርድ እንደማይሄድ ታውቀዋለህ።»

ወረድኩ። ከወረድኩ አይቀር ብዬ ገባሁ።